ሞተሩ ሳይጠጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ምን ሥራ ላይ እንደነበርኩ ሲጠይቀኝ «በውሃ ላይ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ሳጥብ ኖርኩ» እላለሁ። ይስቃል። አልፈርድበትም። ጅጅጋ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ ተጭኖ የሚዞርባት ከተማ ናት፤ የሚቀርበን ባሕር በርበራ ነው፣ እሱም ከድንበር ወዲያ። አንዷ ጎረቤቴማ «ታዲያ የት ነበር የምትነጂው፣ ቢርካ ውስጥ?» ብላ ግቢውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ቢርካ የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት ጉድጓድ ነው፤ እንኳን ሞተር ዳክዬም አይዋኝበትም። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሲበቃን ግን ነድቼው እንደማላውቅ እነግራቸዋለሁ። የእኔ ሥራ የሚጀምረው የነዱት ሰዎች ተመልሰው፣ ወርደው፣ ልብሳቸውን ሊያደርቁ ከሄዱ በኋላ ነበር። ብዙ ሰው ያንን ሥራ አይለውም። ሥራ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አባቴ ወታደር ሆኖ ጅጅጋ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ ልጁ ጽጌ ከጦር ካምፑ ጀርባ ተወለድኩ፤ ከሶማሌ ልጆች ጋር ስጣላና ስታረቅ አድጌ ሶማልኛው ከአማርኛው እኩል አፌ ላይ አለ። ደርግ ወድቆ መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፣ የውሃ ፓምፖችንና ቦቴዎችን የሚጠግን አንድ የመንግሥት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም። መጀመሪያ የተመደብኩት የሶማሊያ ስደተኞች ካምፕ ያለባት ቀብሪበያ ነው። ስደተኞቹም የከተማው ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከፓምፕ ስለነበር፣ አንድ ቺንጋ፣ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ሲበጠስ ጩኸቱ እኔ መስኮት ድረስ ይመጣል።

ጋሽ ወልዱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን እንደ ብዙ ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ቀረ፤ የሚስቱ ዘመዶች ጅጅጋ ስለነበሩ ወደ እኛ መጥቶ የፓምፕ መካኒክ ሆነ። አጭር፣ ጥቁር፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «የባሕር ሰው ደረቅ አገር ምን ትሠራለህ?» ሲሉት «ከጨው ሸሽቼ ነው» ይላል፤ ከዚያ በላይ አያወራም።

አንድ ቀን መስኮቴ ላይ መጥቶ ጋርኒሲዮን፣ የሞተር መጋጠሚያ ላይ የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ጠየቀኝ። እኔም ያኔ አፈኛ ነበርኩና የት እንደሚገባ ካልነገረኝ እንደማልሰጠው ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ውጪ» አለኝና ፓምፑ ዘንድ ወሰደኝ፤ የተፈታውን ሞተር አሳየኝ፤ ጋርኒሲዮኑን በገዛ እጄ አስገባሁት። ዕቃ የሚያድል ሰው ዕቃው የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት አለኝ። ከዚያ ወዲያ መጋዘኑን ቆልፌ እሱ ጋ መሄድ ልማድ ሆነብኝ።

ጋሽ ወልዱ ሁለት የማይተዋቸው ነገሮች ነበሩት። አንደኛው፣ የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ሞተሩ ሳይታጠብ ምግብ አይቀምስም፤ ውሃም አይጠጣም። «ሞተሩ ሳይጠጣ ማንም አይጠጣም» ይላል። እኛ ዘንድ ይህ አነጋገር ከስድብ አይሻልም፤ አንዳንዱ ሰው ቀልድ እየመሰለው ይስቅ ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ያዞርበት ነበር። ሁለተኛው ነጭ የብረት ሳህን ነው፤ ጠርዙ ሰማያዊ፣ ከመርከብ ወጥ ቤት የመጣ። ማንም አይበላበትም። ሞተሩን አጥቦ ሲያበቃ የሚወጣውን ውሃ በሳህኑ ይቀበልና መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ውሃው ሲረጋ ሥሩ ላይ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ካየ እንደገና ያጥባል። ነጩ ነጭ ሆኖ ከታየ ብቻ «በቃ» ብሎ ይደፋዋል፤ እንጀራውንም ያን ጊዜ ይፈታል።

ከቀብሪበያ ቀጥሎ ባቢሌ ለጥቂት ጊዜ ተመድቤ ነበር። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሞተር ማጠብ የሴት ሥራ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ወንዶቹ ሲፈቱና ሲገጥሙ እኔን የውሃ ጎማ አስይዞ ያቆመኛል። ሊያዋርደኝ ነበር፤ ግን ውለታ ዋለልኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የሞተር ውስጥ ምን ሲመስል ጤነኛ እንደሆነ፣ ምን ሲመስል እንደታመመ ሳይ ከረምኩ። ወደ ጅጅጋ ዋናው ጋራዥ ስዛወር ጋሽ ወልዱም እዚያ ደርሶ ነበርና መጋዘኑን ለሌላ ሰው አስረክቤ የእሱ ረዳት ሆንኩ። ወረቀቱ ላይ ግን ለብዙ ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ።

ያ ነገር የመጣው በዚያ ዘመን ነው። በአንድ ክፉ የዝናብ ወቅት ጎርፍ ብዙ ሰው ከወሰደ በኋላ፣ ከውጭ አገር የሆነ በጎ አድራጊ ለነፍስ ማዳኛ ብሎ አንድ የውሃ ሞተር ሳይክል ልኮልን በእንጨት ሳጥን ታሽጎ ደረሰ። ኃላፊያችን አቶ ሙክታር ቀልደኛ ሰው ነበርና ሳጥኑ ሲከፈት ጋሽ ወልዱን ጠርቶ «ዘመድህ መጣ» አለው። ጋሽ ወልዱ ቀረብ ብሎ ኮርቻውን ዳሰሰው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከምጽዋ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ አያውቅም ነበር። እኔ ወደ ሌላ በኩል አየሁ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ይህ ነገር እንደ ጀልባ ከኋላው የሚዞር ኤሊካ የለውም። ከሥሩ ባለ የብረት ወንፊት ውሃ ይስባል፤ የሳበውን በኋላው በኃይል ይተፋል፤ በሚተፋው ኃይል ይሄዳል፤ በሚተፋው ኃይልም ይታጠፋል። ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በዚያው በሚስበው ውሃ ነው። የባሕር ውሃ ከሆነ ጨው፣ የጎርፍ ውሃ ከሆነ ጭቃ፣ ቀኑን ሙሉ ሆዱ ውስጥ ሲዞር ይውላል ማለት ነው። ያንን ሳያወጡ ያሳደሩት ሞተር ጠዋት ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ግን ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ተደፍኗል።

አጠባቡን ጋሽ ወልዱ በደረቅ ግቢ ውስጥ፣ በርሜል መኪና ላይ ሰቅሎ አስተማረኝ። መጀመሪያ ከወንዙ እንደወጣ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ከኋላው ያሉትን መድፈኛዎች መፍታት፤ ሆዱ ውስጥ የገባው ውሃ ይፈስሳል። ከዚያ ወንፊቱን በእጅ መፈተሽ፤ ሳር፣ ገመድ፣ የላስቲክ ከረጢት የሚጠመጠመው እዚያ ነው። ከዚያ ከበርሜሉ የሚወርደውን የውሃ ጎማ ማገናኘት። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ደጋግሞ አስደገመኝ፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ወዲያው ውሃው ይከፈታል፤ ሲያበቃ መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ከዚያ ነዳጅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ የቀረውን አስተፍቶ ሞተሩ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ውሃው በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው፣ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ያኔ ማልቀስ ነው። ከዚያ ሳህኑ። ሳህኑ ሲጠራ ውጪውን መጥረግ፣ ሆዱን በጨርቅ ማድረቅ፣ ብረቱ ላይ ዘይት መርጨት፣ የባትሪውን ገመድ መንቀል፣ ኮርቻውን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ሸራ ማልበስ። ኮርቻው ከተዘጋ እርጥበቱ እዚያው ያድርና ሽቦውን ይበላዋል።

የሚነዳው አብዲ ነበር። የጎዴ ልጅ ነው፤ ዋቢ ሸበሌ ዳር ስላደገ ከእኛ ሁሉ መዋኘት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ገና ያላገባ፣ ሳቂታ፣ ሲነዳ የሚዘፍን ወጣት ነበር። ማሽኑ በተመረቀበት ቀን ግቢ ውስጥ ተጎታቹ ላይ እንዳለ ኮርቻው ላይ ወጥቶ መሪውን ሲያዞር ጅጅጋ ሙሉ ተሰብስቦ ሳቀ።

ሳቁ የቆመው በቀጣዩ የጉ ዝናብ ነው። ጉ የሚባለው የፀደዩ ዋና ዝናብ ነው። የጀረር ወንዝ ደገሀቡር አጠገብ ሞልቶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ማዶ ያሉት መንደሮች ተቆረጡ። ተጎታቹን ከመኪና ጋር አያይዘን ወረድን። አብዲ ጠዋት ይወጣል፣ መድኃኒት ያሻግራል፣ ሲመለስ አንድ ሰው ከኋላው አስቀምጦ ያመጣል። አሮጊት አመጣ፣ እባብ የነደፈው ሰው አመጣ፣ ሕፃን ያዘለች እናት አመጣ። አመሻሽ ላይ እኔና ጋሽ ወልዱ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንረከበዋለን።

ችግሩ ግቢው ላይ ነበር። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የተጠለሉት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የከተማው ጉድጓዶች ጭቃ ገብቷቸው ስለነበር ንጹሕ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቦቴውም የሚቆመው እኛው ግቢ በር ላይ። ስለዚህ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ዓይን እያየ፣ ጋሽ ወልዱ ከዚያው ቦቴ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ በሞተር ውስጥ አሳልፎ መሬት ላይ ያፈስሰው ነበር። ቤንዚንና ዘይት የነካ ስለሆነ ለሰውም ለፍየልም አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሴቶቹ መሬቱ የሚጠጣውን ውሃ እያዩ ጀሪካናቸውን ወደ ፊት ይገፉ ነበር።

አንድ አመሻሽ ቦቴው ዘግይቶ መጣ፤ ውሃውም ጎደሎ ነበር። ከሰልፉ ሐሊሞ የምትባል ሴት ወጣች። ቤቷ ፈርሶ ልጆቿን ይዛ አንደኛው ክፍል ውስጥ የተጠለለች፣ ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ወተት ትሸጥ የነበረች ናት። ጋሽ ወልዱ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«አዴር» አለችው፤ አዴር አጎት ማለት ነው፣ ሰው ሲያከብሩ ነው የሚሉት። «አዴር፣ ይሄ ብረት ነው። ብረት አይጠማውም። ልጆቼ ናቸው የሚጠማቸው።»

ጋሽ ወልዱ ጎማውን አስቀመጠ። የባሕር ሰው ቢሆንም እኛ ዘንድ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ እሱም ልጆች አሳድጓል። ለዚያን ቀን የተመደበልንን ውሃ አብዛኛውን ለእሷና ከኋላዋ ላሉት አስቀዳላቸው። በቀረችው ጥቂት ውሃ ሞተሩን አጠበና፣ የወጣውን በገንዳ ተቀብለን፣ በጨርቅ አጥልለን፣ ወደ በርሜሉ መልሰን እንደገና አሳለፍነው። ደግመን አጥልለን ደግመን አሳለፍነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ውሃ አንድ ጊዜ ሠርቶ አይጣልም። ፊት የታጠቡበት ልብስ ያጥባል፣ ልብስ ያጠበው ወለል ያጥባል፣ ወለል ያጠበው ኒም ዛፉ ሥር ይፈስሳል። ሞተር ላይ ሲሆንም ልክ መሰለን፤ አብዲም ጎበዝ አለን፣ ሙክታርም መጥቶ አይቶ አመሰገነን። ውሃ የሞላበት አገር ያደገ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም፤ ቆሻሻውን ይደፋና አዲስ ይቀዳል። የጀረር ጭቃ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ጨርቅ አይዘውም።

ሲያበቃ ሳህኑን ላምጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ዛሬ ተዪው» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያይ ያውቅ እንደነበር አሁንም አልጠራጠርም።

በማግሥቱ ሞተሩ ያለምንም ችግር ተነሳ። አብዲ ማዶ ተሻግሮ ተመለሰ፤ ደገመ። ከቀትር በኋላ የሐሊሞን ታላቅ ወንድም ሊያመጣ ሄደ። አሕመድ ይባላል፤ የከብት ደላላ ነው። ፍየሎቼን ጥዬ አልሄድም ብሎ ማዶ ከከረመ በኋላ፣ እሷ በየቀኑ እየላከችበት በመጨረሻ እሺ ብሎ ነበር። ሐሊሞ እንደሚመጣ ሰምታ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። እኛም ቆመናል።

መሀል ላይ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ጋሽ ወልዱ ከሁላችን ቀድሞ ሰማው፤ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ። መጀመሪያ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ይህ ነገር ውሃ ካልተፋ መሪውም አይሠራም። ጎርፉ እንደ ቅርጫት አንስቶ ወደ ግራሮቹ ወሰዳቸው። አብዲ ቅርንጫፍ ያዘ፤ በሌላ እጁ አሕመድን ያዘ። አሕመድ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ ግን ውሃው የዋጠው የግራር እሾህ ጃኬቱን ጠልፎ ወደ ታች ያዘው። አብዲ የቻለውን ያህል ያዘ። ከዚያ እጁ ባዶ ሆነ።

አብዲን በገመድ አወጣነው። አሕመድን ውሃው ሲጎድል አገኙት።

ማሽኑን አውጥተን ስንፈታው ውሃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በቀይ ጭቃ ተደፍነው አየን። ጋሽ ወልዱ በጣቱ ትንሽ አውጥቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ሙክታር ጭቃው በቀኑ ከወንዙ የገባ ሊሆን ይችላል አለ፤ ሊያጽናናው ፈልጎ ነው፣ መልካም ሰው ነበር። ጋሽ ወልዱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሰው ፊት እንዲህ ሲጠቁር አላየሁም።

የአሕመድ ጎሳ ሽማግሌዎች ትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ሙክታርም መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ተቀመጠ። በእነሱ ወግ ሰው በሰው እጅ ከጠፋ የደም ካሣ ጉዳይ ይነሳል፤ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ማንም ጋሽ ወልዱን አልጠራውም። እሱ ግን ሳህኑን ይዞ ሄደ፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ጭቃውን አሳያቸው። ማጠብ የሚገባኝን አላጠብኩም፣ ያወጣሁትን ቆሻሻ መልሼ አስገባሁ፣ ማየት የሚገባኝንም አላየሁም አለ። ተራ በተራ ተረጎምኩ።

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመልሱ፣ ከሴቶቹ በኩል ሐሊሞ ተነሳች።

«ውሃውን የለመንኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሱን ብቻ አትጠይቁት።»

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩ፤ በመጨረሻ የወሰደው የአላህ ውሃ ነው፣ የደም ካሣ አንጠይቅም ብለው ለሟቹ ዱዓ አድርገው ተነሡ። ጋሽ ወልዱ ግን ነጻ የተለቀቀ ሰው አልመሰለም። ቢፈርዱበት የሚቀለው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያንን ማሽን አልነካም። ፓምፖቹን ብቻ እየጠገነ ትንሽ ቆየና ድሬዳዋ ልጁ ጋ ሄደ፤ የሞተውም እዚያ ነው። ሊሄድ ሲል ሳህኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እኔ ያላየሁትን አንቺ እይበት» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኔን አላየም።

ሙክታር ተቀይሮ አዲስ ኃላፊ መጣ። ማሽኑን ሰው የገደለ ዕቃ ነው ብለው ሾፌሮቹ አጠገቡ አይደርሱም፤ ኃላፊውም በጨረታ ይወገድ ይል ነበር። እኔ ቢሮው ገባሁ። ሰው የገደለው ማሽኑ አይደለም፣ ያልታጠበ መሆኑ ነው፤ ጀረር ነገም ይሞላል፣ ያኔ በምን ልትሻገሩ ነው አልኩት። በተመላለስኩ ቁጥር ያንኑ ደገምኩለት። በመጨረሻ ሰልችቶት ይሁን አምኖ፣ «ከፈለግሽ አንቺው ተሸከሚው» አለኝ። ተሸከምኩት።

ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦና በኮምፕሬሰር አየር አንድ በአንድ ከፈትኩ። ጋርኒሲዮኖቹን ቀየርኩ፤ ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። ከዚያ በየወሩ በርሜል ሰቅዬ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ ሳህኔን ሥሩ አስቀምጬ አጥበዋለሁ። ውሃ በጠፋባቸው ሳምንታትም አልተውኩም፤ ከቤቴ ጀሪካን ተሸክሜ የመጣሁበት ጊዜ አለ። የጋራዡ ሰዎች «ጽጌ ግመሏን ልታጠጣ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ይቀልዱ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ማሽኔን ሳጥብ እልህ ብቻ አልነበረም የያዘኝ፤ ፍርሃትም ነበር። ደገሀቡር ወንዙ ዳር እንደገና ቆሜ የሞተር ድምፅ ሲለወጥ መስማት አልፈልግም ነበር።

ጀረር እንደገና የሞላው እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። አብዲ ያኔ የልጆች አባት ሆኖ ቦቴ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዝ ዳር ቆሞ አያውቅም። ሄጄ ለመንኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እትዬ ጽጌ፣ ሳህኑን በየቀኑ አሳይተሽኝ ነው የምወጣው» አለ።

እሺ አልኩት። ወረድን። ያው ደገሀቡር፣ ያው ትምህርት ቤት፣ በሩ ላይ የቆመ ያው ዓይነት ቦቴ። ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ተቆርጦ ነበርና ምጥ የያዛቸው ሴቶች ጭምር የሚጠብቁት የእኛን ማሽን ነው። አብዲ የመጀመሪያውን ቀን ሳይዘፍን ነድቶ ዋለ፤ አመሻሽ ላይ ወረደና «ተረከቢኝ» አለኝ።

ቦቴው ያመጣው ውሃ ያን ቀንም ጎደሎ ነበር። ከሰልፉ ውጪ ሄጄ ለማሽን ስጡኝ ማለት አልሆነልኝም። ጀሪካኔን ይዤ እንደማንኛዋም ሴት ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ አንድ ጀሪካን ተቀዳልኝ። እንደማይበቃ አውቃለሁ። በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት፤ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ውሃውን ከፈትኩ። የወጣው ቀይ ነበር፤ ከዚያ ሻይ መሰለ፤ ከዚያ በርሜሉ አለቀ። ውሃውን ዘጋሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። የፈሰሰው ገንዳ ውስጥ ተጠራቅሟል። አጠገቤ የነበረ አንድ የወረዳ ሠራተኛ፣ ደግ ሰው ነው፣ ያንኑ በጨርቅ አጥልዬ ብመልሰው ምን አለበት አለኝ። ገንዳውን አንስቼ መሬት ላይ ደፋሁት። ሰልፉ በሙሉ አየኝ። አንዲት ሴት በሶማልኛ ረገመችኝ፤ ገባኝ።

ያን ጊዜ ውሃ የሚያስቀዳው ኮሚቴ ኃላፊ የሆነችው ሴት ከሰልፉ ራስ ወደ እኔ መጣች። ፀጉሯ በሻሹ ሥር ሸብቷል። መጀመሪያ ማሽኑን አየች፣ ቀጥሎ አብዲን፣ በመጨረሻ እኔን። ሐሊሞ ነበረች። አብዲ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«ያ ነው?» አለችኝ።

«ያው ነው» አልኳት።

ተመልሳ ሄደች። በቃ ከግቢው ታስወጣናለች ብዬ ነበር፤ ብታስወጣንም አልቀየማትም ነበር። ጎርፉ እስኪጎድል ድረስ ሞተሩ አንድም ቀን እንዳልቆመ፣ አብዲም ወደ መጨረሻው መዝፈን እንደጀመረ ደገሀቡር ሁሉ ያውቃል፤ ያንን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል። እኔ የምነግራችሁ ግን የዚያችን አመሻሽ ነው። ሐሊሞ የራሷን ጀሪካን፣ ለቤቷ የተቀዳውን፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው። አስነሳሁ፣ ከፈትኩ። ማለቂያው ላይ ሳህኑን ከሥሩ ይዤ ተቀበልኩና መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሳህኑን ታውቀዋለች፤ ዛፉ ሥር፣ ጭቃው እላዩ እያለ አይታዋለች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። አብዲም መጥቶ ቆመ። ሦስታችንም ውሃው እስኪረጋ ጠበቅን። ነጩ ላይ፣ ከሰማያዊው ጠርዝ ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ቀስ ብሎ ወረደ።

«ገና ነው» አለች ሐሊሞ። ተነሥታ ከኋላዋ የተሰለፉትን ሴቶች ጀሪካን ጠየቀች።